ፍቅርም ምናብም ቁም ነገር ነው

በፍኖተ ሰላም ለመጻሕፍት ወዳጆች የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ የምናገረው ስለ ንቀት ነው፤ በአገራችን የፍቅር ልብ ወለድና ምናባዊ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ስለሚደርስበት ንቀት። እኔ ሁለቱንም እጽፋለሁ። አንድ የማከብራቸው አዛውንት መጽሐፌን ገለጥ ገለጥ አድርገው፣ «ልጄ፣ እጅሽስ ደህና ነበር፤ መቼ ነው ታዲያ ቁም ነገር የምትጽፊው?» ብለውኛል። በክፋት አልነበረም፤ እኔም አልተቀየምኳቸውም። ጥያቄው ግን የእሳቸው ብቻ አይደለም። በመጽሐፍ ምረቃ ላይ ይነሣል፤ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ይነሣል፤ በቡና ወግ መካከልም ይነሣል። ታሪክ የጻፈ ደራሲ ይባላል፤ ፖለቲካ የጻፈም እንዲሁ። ፍቅር የጻፈ ግን «ወጣት ማባበያ» ጻፈ ይባላል፤ ጭራቅ፣ አስማት ወይም ሌላ ዓለም የጻፈ ደግሞ «ተረት ተረት» ጻፈ ተብሎ ይታለፋል። ጥያቄው መልስ ይገባዋል። መልሱም ከዚሁ ከእናንተ አገር ይጀምራል።

ከፍኖተ ሰላም ተነሥታችሁ በአስፋልቱ ወደ ቡሬ ስትሄዱ ማንኩሳን ታገኛላችሁ። አማርኛ ለሚያነብ ሰው ማንኩሳ የበዛብህ አገር ናት። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያስጀመሩት እዚያ ነው፤ ባሎቿ እየሞቱባት ገፊ ናት እየተባለች በምትታማው በውድነሽ በጣሙና በድኻው በቦጋለ መብራቱ ቤት። ከእነሱ የተወለደው በዛብህ በስለት ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ፤ ቅኔ ተማረ፤ ዲማ ጊዮርጊስ ደርሶ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ተሸከመ። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ደግሞ ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ሳይቀር ስለ ሰብለ አለቀሰ።

አሁን ደራሲውን እንመልከት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ተወለዱ፤ በአድባራቱ ቅኔ ተማሩ። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ዘመቱ፤ ተማርከው በጣሊያን አገር ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት አገለገሉ። ስለ ጦርነት፣ ስለ እስር፣ ስለ ዲፕሎማሲ ለመጻፍ ከእሳቸው የበለጠ ማን ነበር? በኋላም ጽፈውበታል። ነገር ግን ሃምሳ ስድስት ዓመት ሲሆናቸው፣ ያን ሁሉ ካዩ በኋላ፣ ለሕዝባቸው ያቀረቡት ትልቁ ሥራ አንድ የቆሎ ተማሪና አንዲት የባላባት ልጅ የተፋቀሩበት ታሪክ ነው። ከዚያ ዐሥር ዓመት ቀድሞ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት «ተረት ተረት የመሠረት» ደግሞ ስሙ እንደሚያመለክተው የተረት መጽሐፍ ነው። ፍቅርና ተረት ለሚኒስትሩ ሐዲስ ዓለማየሁ አላነሱባቸውም።

እዚህ ላይ የሚቀርብልኝን ክርክር አውቀዋለሁ። «እሱ የፍቅር መጽሐፍ አይደለም፤ የፊውዳሉን ሥርዓት ያጋለጠ መጽሐፍ ነው» ይሉኛል። ሥርዓቱን ማጋለጡ እውነት ነው። የምጠይቀው በምን አጋለጠው ብዬ ነው። እስቲ ከመጽሐፉ ውስጥ የበዛብህንና የሰብለን ፍቅር አውጡት። ምን ይቀራል? ሌላው ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሳ ስለ ዘርና ስለ ማዕረግ የሚናገረው ይቀራል፤ ግን ስብከት ይሆናል። የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ይቀራል፤ ግን የሚያሠቃየው ሰው ያጣል። አንባቢው የዘር ቆጠራን ክፋት የተረዳው ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች በዘር ምክንያት ሲለያዩ ስላየ ነው። ሰብለ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ቤት ወጥታ በእግሯ ስትኳትን፣ በዛብህን ስታገኘው ሊሞት ሲያጣጥር፣ ያኔ ነው ሥርዓቱ የተፈረደበት። የፈረደበት ፍቅሩ ነው። ፍቅሩን ጌጥ፣ ሥርዓቱን ቁም ነገር የሚል አንባቢ መጽሐፉን ገልብጦ አንብቦታል።

ወደ ኋላ ደግሞ እንሂድ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ምንድን ነው? አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው፤ ብዙዎቻችን «ጦቢያ» እያልን የምንጠራው። ስለ ምን ነው? አባቷ በጦርነት የተማረከባት፣ መንትያ ወንድሟ የጠፋባት አንዲት ቆንጆ የወንድ ልብስ ለብሳ መንገድ ትወጣለች። ወንድ መስላት ሴት ትወድዳታለች፤ መጨረሻ ላይ ማንነቷ ሲገለጥ የጠላት ንጉሥ ራሱ ይወድዳትና ያገባታል። ጀብዱ አለበት፤ መሰወር አለበት፤ ልብ የሚያንጠለጥል ፍቅር አለበት። የዛሬ ሐያሲ ቢያገኘው «የወጣት ማባበያ» ይለው ነበር። የአማርኛ ረጅም ልብ ወለድ ግን የተወለደው ከዚያ ነው። ጦቢያ ልብሷን ቀይራ መንገድ ከወጣች ከ58 ዓመት በኋላ ሰብለ ወንጌልም ልብሷን ቀይራ መንገድ ወጣች። ከአንዷ ወደ ሌላዋ የሚሄደው መሥመር የልብ ወለዳችን አከርካሪ ነው፤ መሥመሩም የፍቅር መሥመር ነው።

አሁን ወደ ምናብ ልምጣ። ምናባዊ ልብ ወለድ የፈረንጅ ነው የሚሉ አሉ። የዚህ አገር ልጅ እንዲህ ማለት የለበትም።

እኔ ያደግሁት ቡሬ አጠገብ ነው። በርበሬ በሚደርስበት ወቅት ማታ ማታ ሴቶቹ ክብ ሠርተን እንቀመጥና እንቀነጥስ ነበር። ቀዩ ክምር መሐል ላይ ነው፤ እያንዳንዳችን ከፊታችን ሰፌድ አለን። የበርበሬው ሽታ ጉሮሮ ይይዛል፤ ልጆች ያስነጥሳሉ፤ ጣታችን ይቃጠላልና ዓይናችሁን እንዳትነኩ እንባላለን። እንቅልፍ ሊጥለን ሲል አያቴ ይጀምራሉ፦ ጭራቅ ያገባች ልጅ፣ በብልሃቱ ሰባት ወንድሞቹን ያዳነ ስንዝሮ፣ የሰው ቋንቋ የሚናገር ጅብ። እጃችን ይቀነጥሳል፤ ጆሯችን ግን ሌላ አገር ነው። አያቴ ታሪኩን የት ላይ እንደሚያቋርጡ ያውቁ ነበር። ጭራቁ በሩን ሊከፍት ሲል ዝም ይሉና፣ «ያ ክምር ይለቅ፣ እጨርስላችኋለሁ» ይሉናል። ክምሩ ያልቃል። ስለ አተራረክ ከዚያ በኋላ ብዙ መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ ከዚያ ሌሊት የሚበልጥ ትምህርት ግን አላገኘሁም።

ከዚህም ራቅ ብላችሁ ወደ ሰከላ ስትሄዱ ግሽ ዓባይ አለ። አቡነ ዘርዓ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለውኃው አደራ ሰጥተው፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ውኃው ሳያርስ መልሶላቸዋል የሚለውን የማያውቅ የጎጃም ሰው የለም። ይህ የእምነት ታሪክ ነው፤ ልብ ወለድ አልለውም። የምለው ይህን ነው፦ መጽሐፍን ለወንዝ አደራ መስጠት እንደሚቻል እየሰማ ያደገ ሕዝብ፣ ጆሮው ለድንቅ ነገር የተከፈተ ነው። የታላቁ እስክንድርን ድንቅ ታሪክ፣ ዜና እስክንድርን፣ በግእዝ ጽፎ ያቆየ አገር ለምናብ እንግዳ አይደለም።

ከዚሁ አገር የወጣ ሌላ ምስክር ልጥራ። አቤ ጉበኛ የአቸፈር ልጅ ነው። በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም»ን አወጣ። በእናቱ ማሕፀን ያለ ጽንስ ይናገራል፤ ዓለም ግፍ የሞላባት ናትና አልወለድም ብሎ ይከራከራል። ይህ ምናባዊ ልብ ወለድ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ጽንሱን ዝም አሰኙት፤ የሚቀረው ስለ ጭቆና የተጻፈ በራሪ ወረቀት ነው። ጽንሱ ስለተናገረ ግን መንግሥት ደነገጠ፤ መጽሐፉም ታገደ። የዘመኑ ባለሥልጣኖች ከዛሬ ናቂዎች ይልቅ የምናብን ጉልበት ተረድተውታል።

እንግዲህ ሥሩ እንዲህ ከሆነ ንቀቱ ከየት መጣ? ሦስት ምንጭ ይታየኛል።

አንደኛው የብራና ዘመን ነው። ብራና ውድ ነበር፤ አንድ መጽሐፍ ለመጻፍ ብዙ ፍየል መታረድ፣ ብዙ ቆዳ መፋቅ ነበረበት። ስለዚህ በብራና ላይ የሚጻፈው በአብዛኛው ጸሎት፣ ገድል፣ ዜና መዋዕል ሆነ፤ ጸሐፊዎቹም በአብዛኛው ወንድ የቤተ ክህነት ሰዎች ነበሩ። የፍቅርና የተረት ነገር ምድጃ ዳር ቀረ፤ ባለቤቶቹም አያቶች፣ እናቶች፣ እረኞች ሆኑ። ወረቀትና ማተሚያ ሲመጣ ያ ክፍፍል አብሮ መጣ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰው የፍቅር መጽሐፍን «የሴት ነገር» ብሎ ሲንቅ፣ የናቀው መጽሐፉን ብቻ አይደለም፤ ምድጃ ዳር ያስተማረችውን እናቱን ጭምር ነው።

ሁለተኛው የመምከር ግዴታ ነው። የቀደሙት ደራስያን መጽሐፍን ግብረ ገብ ማስተማሪያ አድርገው አዩት፤ ደርግ መጣና ሥነ ጽሑፍ አብዮቱን ያገልግል አለ። ዘመኑ ተለዋወጠ፤ ትእዛዙ ግን ያው ነበር፦ ልብ ወለድ ከራሱ ውጪ ለሆነ ጌታ ይገዛ። በዚህ ሚዛን ፍቅር ሁልጊዜ ቅንጦት ነው።

ሦስተኛው የገበያው ጥፋት ነው፤ ይህን መሸሸግ አልፈልግም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ቅድመ ምርመራ ሲነሣ ከመልካሞቹ ጽሑፎች ጋር ብዙ ርካሽ ነገርም ታተመ። ሥጋን ብቻ የሚያውቁ፣ አርታዒ ያላያቸው ኅትመቶች በየመንገዱ ተዘረጉ። የፍቅር ልብ ወለድ ስሙ የጠፋው ያኔ ነው። ነገር ግን ያለ ማስረጃ የተጻፈ የታሪክ መጽሐፍ ሞልቶ ሳለ ታሪክ መጻፍን የናቀ ሰው አልሰማሁም። የታሪክ መጽሐፍ ሲበላሽ ደራሲው ይወቀሳል፤ የፍቅር መጽሐፍ ሲበላሽ ፍቅር ይወቀሳል። አድልዎ ማለት ይህ ነው።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። ናይጄሪያዊው አሞስ ቱቱኦላ ጥቂት ዓመት ብቻ የተማረ ተላላኪ ነበር። የሙታንን አገርና የጫካ መናፍስትን የሚተርክ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1952 ለንደን ላይ ሲታተም የውጭ አንባብያን ተደነቁ፤ ከአገሩ የተማሩ ሰዎች ግን ብዙዎቹ «አሰደበን» አሉ። ዛሬ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ሲነሣ ቱቱኦላን ሳይጠቅስ የሚያልፍ የለም። በዚያው አገር በካኖ ከተማ የሐውሳ ሴቶች በገዛ ቋንቋቸው የፍቅር ልብ ወለድ ይጽፋሉ፤ ስለ ትዳር፣ ስለ ጣውንት፣ ያለ ፈቃዷ ስለምትዳር ልጅ። እ.ኤ.አ. በ2007 የክፍለ ግዛቱ ገዥ በተገኙበት፣ በአንድ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ውስጥ እነዚህ መጻሕፍት ተቃጠሉ። ሴቶቹ ግን መጻፋቸውን አላቆሙም። ንቀት እዚያ እሳት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል አይተናል።

በእኛም አገር ነቢይ በአገሩ አይከበርም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የቱርክ የፍቅር ድራማ በአማርኛ ድምፅ በየቤቱ ገባ። ማታ የኢስታንቡል ሙሽራ እጣዋ ምን ይሆን ብሎ የሚጨነቅ ሰው ጠዋት የፍኖተ ሰላምን ሙሽራ የጻፈን ደራሲ ሲንቅ አይቻለሁ። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. «ዴርቶጋዳ»ን አውጥቶ የጣናን ገዳማት ከጠፈር ሳይንስ ጋር ሲያጋጥም ወጣቱ መጽሐፉን ተሻማው፤ ደጋግሞም ታተመ። ያወደሱትም የነቀፉትም አሉ፤ መነቀፉ ጥሩ ነው። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ያን ያህል ወጣት መጽሐፍ ለመግዛት ሲሰለፍ፣ ስንቶቻችን ቁጭ ብለን ገጽ በገጽ አንብበን፣ የቱ ጋ እንደጠነከረ የቱ ጋ እንደላላ ለደራሲው ነገርነው?

የንቀት ዋናው ጉዳት እዚህ ላይ ነው። ሐያሲ የናቀውን መጽሐፍ አያነብም፤ አርታዒም የናቀውን አያርምም። መምህሩም ተማሪው የሚወድደውን መጽሐፍ ስለሚንቅ መልካሙን ከክፉው እንዲለይ አያስተምረውም። ስለዚህ ደካማው የፍቅር መጽሐፍ ደካማ እንደሆነ ይቀጥላል፤ ጠንካራውም ጠንካራ መሆኑን የሚነግረው ያጣል። የተናቀ ዘርፍ የሚበላሸው በተፈጥሮው ርካሽ ስለሆነ አይደለም፤ የሚኮተኩተው ስላጣ ነው።

አንዲት የቡሬ ተማሪ አውቃለሁ። የፍቅር ልብ ወለዷን በጋዜጣ ለብዳ፣ በላዩ ላይ «ባዮሎጂ» ብላ ጽፋ ትይዝ ነበር። ለምን እንደምትሸሽገው ስጠይቃት፣ «እትዬ፣ አባቴ ካየኝ ከትምህርቷ ዘነጋች ይለኛል» አለችኝ። መጽሐፉን ተቀብዬ ገለጥኩት። በየገጹ ጠርዝ በእርሳስ ጽፋበታለች፦ «ለምን ዝም አለችው?» «እኔ ብሆን አልሄድም» «ይህ ውሸት ነው፣ እናት እንዲህ አትልም»። ይህች ልጅ ከትምህርቷ አልዘነጋችም። እያነበበች ትከራከራለች፤ ትፈርዳለች፤ ነገ የሷን ትዳር ሌላ ሰው ሊወስንላት ሲመጣ የምትመልሰውን ቃል እየተለማመደች ነው። ሴት ልጅ ሳትጠየቅ በምትዳርበት አገር፣ ልጅቷ ስለ ምርጫ የምታነበው መጽሐፍ ቁም ነገር ካልሆነ ቁም ነገር የምንለው ምኑን ነው?

«ከእውነት መሸሻ ነው» የሚሉም አሉ። ይህ አገር በእነዚህ ዓመታት ብዙ ሐዘን አይቷል። በጭንቅ ውስጥ ያለ ሰው የፍቅር ታሪክ ሲያነብ ችግሩን የረሳ አይመስለኝም። ሰው ሰውን ሊወድድ እንደሚችል፣ ነገ የሚባል ቀን እንዳለ ራሱን እያስታወሰ ነው። ተስፋ ያጣ ሕዝብ አገር አያቀናም፤ ተስፋን ደግሞ በሪፖርት ብቻ ማኖር አይቻልም።

ስለዚህ አደራዬን ልናገር።

ለእናንተ ለወጣት ጸሐፍት፦ ለምትጽፉት ነገር ይቅርታ አትጠይቁ፤ በምትጽፉበት መንገድ ግን ለራሳችሁ አትራሩ። ፍቅር ስትጽፉ ፍቅረኞቹን የሚለያያቸው ነገር እውነተኛ ይሁን። በዚህ አገር እንቅፋቱ ሞልቷል፦ የመሬት ውርስ፣ የወላጅ ቃል ኪዳን፣ ወደ ዓረብ አገር የሄደች እጮኛ፣ ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላ ወርዶ የቀረ ልጅ። ምናብ ስትጽፉም ለፈጠራችሁት ዓለም ሕግ አውጡለት፤ ያወጣችሁትን ሕግ ደግሞ ለጀግናችሁ ብላችሁ አትሻሩ። ጭራቃችሁ የሚፈራው ነገር ይኑረው። አያቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

ለመምህራን፦ ተማሪው የሸሸገውን መጽሐፍ አትንጠቁት፤ አብራችሁት አንብቡትና ጠይቁት። ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፦ የፍቅርና የምናብ መጻሕፍትን መደርደሪያ ላይ በግልጽ አስቀምጡ። ለሐያስያን፦ ንቀፉን፤ አንብባችሁ ንቀፉን። ለአባቶችና ለእናቶች፦ ተረታችሁን ለልጅ ልጆቻችሁ ንገሩ፤ ልጆቹም ይጻፉት፤ ከእናንተ ጋር ወደ አፈር እንዳይገባ።

መጽሐፍ የሚመዘነው በርእሱ አይደለም፤ በአጻጻፉና በእውነቱ ነው። በርእሱ ብንመዝነው ኖሮ «ፍቅር እስከ መቃብር» ገና ከሽፋኑ በወደቀ ነበር። በማንኩሳ መንገድ ላይ የተቀመጠ ሕዝብ የፍቅር ደራሲን የመናቅ መብት የለውም። የምትጽፉ ጻፉ፤ የምታነቡም መጽሐፋችሁን ሳትሸሽጉ አንብቡ።